የቀለበቱ ቀን ፊልም

ከዚያ ሳምንት በፊት «ካሜራህ ብርሃን ያስገባል» ያለኝ ሰው ቢኖር ከሱቁ አስወጥቼ በሩን እዘጋበት ነበር። ሱቁ የእኔ አይደለም፤ ቢሆንም እዘጋበት ነበር። ጠባዬን ወልቂጤ ያውቀዋል። ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ፣ ተማሪዎቼ የነበሩ ጎልማሶች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ሲጋራቸውን ከኋላቸው ይደብቃሉ። ሀብተወልድ እባላለሁ። የተወለድኩት ጎጃም ነው፣ ያረጀሁት እዚህ ነው።

ሱቁ የደስታ ነው። ደስታም ተማሪዬ ነበር፤ የቸሃ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ እጁ የማይቸኩል። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ከፍቶ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ የምረቃ ሰሞን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ጋውናቸውን ለብሰው ይሰለፉበታል። ለእኔ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ሰጥቶኛል። እዚያ ተቀምጬ የፊልም ካሜራ እጠግናለሁ። አዎ፣ የፊልም። ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ በሚዞርበት በዚህ ዘመን የአባቱን ካሜራ ከሳጥን አውጥቶ «ይሠራል ወይ?» የሚል ወጣት አይጠፋም፤ ከአዲስ አበባ ድረስ የሚልክልኝም አለ። ይዘውት የሚመጡት በሽታ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ፎቶው ላይ ነጭ ነገር ይወጣል።

ነጭ ነገር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ፀሐይ ወይም መስኮት ከፊት ለፊት ሌንሱን ሲመታው የሚመጣ አለ፤ እሱ ነጸብራቅ ነው፣ ካሜራው አልታመመም፣ አንሺው ነው የት እንደቆመ ያላወቀው። ነጸብራቅ ከፎቶው ክፈፍ አይወጣም። በሌንሱ በኩል ስለገባ፣ ሌንሱ ከሚስላት አራት ማዕዘን አያልፍም። በጎን ሰርጎ የሚገባው ብርሃን ግን ክፈፍ አያውቅም፤ የፊልሙን ጠርዝ፣ ጥርስ የሚይዛቸውን ቀዳዳዎች ሳይቀር ያጠቁራል። ስለዚህ ሰው ፎቶውን ሲያሳየኝ አላይለትም። «ነጋቲቩን አምጣ» እለዋለሁ። ነጋቲቭ ላይ ብርሃን የበዛበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ጥቁሩ ከየት ተነስቶ የት እንደቆመ ካየሁ ቀዳዳው የት እንዳለ አውቃለሁ።

ይህን ነገር ከአፌ ቀምተው የተማሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ደስታና ሆሳዕና። ሆሳዕና የቡታጅራ ልጅ ናት። እዚህ ስትማር ከክፍል ስትወጣ ወደ ሱቁ ትመጣለች፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሁሉ ትነካካለች፣ ስቆጣት ትስቃለች። ፊልም ማጉረስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ደስታ ደግሞ እሷ በመጣች ቁጥር ደንበኛውን ረስቶ ይቆማል። ሁለቱም ጴንጤዎች ናቸው፣ አንድ ኅብረት ውስጥ ይዘምሩ ነበር። ተመርቃ ቡታጅራ እናቷ ጋ ተመለሰች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደስታ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዬ አስጠግቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሽማግሌ ሆኜ እንድሄድለት ጠየቀኝ።

እዚህ አገር ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው «እሺ» ሲባል ሥራው አያልቅም። ነገሩ የተበላሸ ዕለት መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ይህን እያወቅሁ ሄድኩ። ቡታጅራ ላይ ጨርቅ የሚሸጠው ወዳጄ አብዱልሃፊዝም ተጨመረ፤ የሆሳዕና እናት የወይዘሮ ዘርፈሽዋል የረጅም ጊዜ ጎረቤት ነው። አንድ ኦርቶዶክስ፣ አንድ እስላም፣ የጴንጤ ልጅ ልንጠይቅ። አብዱልሃፊዝ በሩ ላይ «የቀረን ቄስ ብቻ ነው» ብሎ አሳቀኝ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ባላቸው ከሞተ ጀምሮ የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቃቸውን ብቻቸውን ይዘው ልጃቸውን ያሳደጉ፣ በጸሎት የታወቁ ሴት ናቸው። ጊዜ ስጡኝ ብለው ከጸለዩና ከጾሙ በኋላ እሺ አሉን።

የቀለበቱ ቀን ቅዳሜ ነበር። የወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሳሎን ሞልቷል፣ መዝሙሩ ከግቢ ውጪ ይሰማል። መጋቢው ሊጸልዩ ሲነሱ ስልክ የያዘ እጅ ሁሉ ከፍ አለ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ተቆጡ። «ዛሬ በጌታ ፊት ነን። ስልካችሁን አስቀምጡ፤ አንድ ሰው ያንሳ፣ ይበቃል» አሉ። አንዱ ሰው እኔ ሆንኩ። የራሴን የሩሲያ ካሜራ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም አጉርሼ ይዤ ነበር። የእንግዶቹን አገባብ ቀድሜ አንስቼ ነበር፤ ከዚያ ጸሎቱን፣ ከዚያ ደግሞ ደስታ ቀለበቱን ሲያጠልቅላት፣ እሷ ስታጠልቅለት፣ እናቲቱ በሁለቱ ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው ሲመርቁ አነሳሁ። ክትፎና ቆጮ ሲቀርብ፣ ለአብዱልሃፊዝ ሙስሊም ያረደው ለብቻው ሲመጣለት፣ ካሜራዬን ዘይት እንዳይነካው ብዬ የእንግዳ ኮትና ጃንጥላ በተከመረበት በሆሳዕና አልጋ ላይ አስቀመጥኩት። ከምሳ በኋላ አንስቼ ስንሰነባበት በሩ ላይ ጥቂት ጨመርኩና ፊልሙ አለቀ።

ሰኞ ፊልሙን በሱቁ ጨለማ ክፍል አጠብኩት። ከማጠቢያው አወጣሁት። መሃሉ ጥቁር ነው። ጠርዙም ጥቁር፣ ቀዳዳዎቹም ጥቁር። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገር፣ አንድ ሰው ብቻ ያነሳው፣ ያ አንድ ሰው ደግሞ እኔ! በንዴት ደህና አድርጌ እንኳ ሳላየው እንዲደርቅ ሰቅዬው ወጣሁ፣ ቤቴም ገብቼ ምሳዬን ሳልበላ ተኛሁ። ስመለስ ደስታ ፊልሙን ቆርጦ ወደ ኮምፒውተር አስገብቶት ነበር። የቀለበቱ ፎቶዎች ላይ ነጭ ጉም ወርዶ ሁለቱንም ውጧቸዋል። ከሆሳዕና አንድ እጅጌ፣ ከደስታ አንድ ጆሮ ቀርቷል።

«ክሩ ነው ጋሽ ሀብቴ» አለኝ ደስታ። ክሩ ማለት በካሜራው የጀርባ ክዳን ጠርዝ ዙሪያ የሚገባው ጥቁር ክር ነው፤ ብርሃን እንዳይሰርግ የሚከለክለው እሱ ነው።

«ክሩን ባለፈው ክረምት እኔ ነኝ የቀየርኩት!» አልኩት። ጉርድ ሊነሳ የተቀመጠው ሰውዬ ደንግጦ ተነሳ።

ፎቶው የት አለ እያሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል በየቀኑ ይደውሉ ነበር። ደስታ ሌላ የሚልከው ስላልነበረው ያንኑ ላከላቸው። በማግሥቱ ለእኔ ደወሉ።

«ጋሽ ሀብተወልድ፣ እኔ እሺ ያልኳችሁ እየተንቀጠቀጥኩ ነው» አሉኝ። «ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ካልሆነ ምልክት አሳየኝ ብዬ ነበር። ከቀለበቱ በፊት ያለው ፎቶ ትንሽ ጭጋግ ቢኖረውም ሰው ይታያል። በሩ ላይ የተነሳነውም ጥርት ብሎ ይታያል። ልጆቹ ቀለበት ሲያደርጉ ብቻ ነው ብርሃን የሸፈናቸው። ይሄ ምንድን ነው?»

«ካሜራ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ያሳዩኝ። እሁድ ስማቸው በጉባኤ ፊት ሊነበብ ነው፣ ተቃውሞ ያለው እንዲናገር። የካሜራ ጥፋት መሆኑን ካሳዩኝ ይነበባል። ካልሆነ ግን፣ ጌታ ከተናገረ በኋላ እኔ ምን እላለሁ?»

ወሬ ደግሞ በቴሌግራም ነው የሚሄደው። ፎቶው ከቡታጅራ ተነስቶ ወልቂጤ ሲደርስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ከደስታ ኅብረት የመጡ ሁለት ሰዎች «አይዞህ ወንድሜ፣ ጌታ የተሻለ አለው» እያሉ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ትከሻውን ይዘው አጽናኑት። ለኅብረቱ መዝሙር ያስጠናቸው የነበሩ ልጆች ስሙን ዝቅ አድርገው ይጠሩት ጀመር። ነገሩ ገባኝ። ይህ ልጅ በዚህ ከቆመ ዕድሜውን ሙሉ እግዚአብሔር አይሆንም ያለው ሰው ይባላል። ቀጥሎ የሚጠይቃት ልጅ እናትም ይህን ፎቶ አይታለች። ተናደድኩ፣ ካሜራዬን አነሳሁና በሽታውን ልፈልግ ተቀመጥኩ።

ነጸብራቅ አለመሆኑን ጠርዙ ነግሮኛል። የመዝጊያው መጋረጃ ተቀድዶም አይደለም፤ እሱ ቢሆን በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ነጥብ ያስቀር ነበር። የቀረው ክሩና ማጠፊያው ነው። ጨለማ ክፍል ገብቼ ትንሽ አምፖል ካሜራው ሆድ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ዘጋሁ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቄ ዙሪያውን አገላብጬ አየሁት። ከውስጥ የሚያመልጥ ብርሃን ካለ ያን ጊዜ እንደ መርፌ ጫፍ ይታያል። ምንም የለም። አላመንኩም። ሌላ ፊልም አጉርሼ ከሱቁ ደጃፍ በቆመ ባጃጅ ኮፈን ላይ፣ የቀትር ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ባለባጃጁ «አባባ፣ ቆሎ መሰለዎት?» አለኝ። ፊልሙን ሳጥበው ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

ካሜራዬ ጤነኛ በመሆኑ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ለልጁ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝና ደስ ማለቱ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግሁት። የቀለበቱን ፊልም ቁርጥራጮች በተነሱበት ተራ ከመስታወት ሥር መብራት ባለበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። የስንብቱ ፎቶዎች ንጹሕ ናቸው። የቀለበቱና የምርቃቱ ከሁሉ የጠቆሩ ናቸው። ከእነሱ ወደ ኋላ፣ ወደ ጸሎቱና ወደ እንግዶቹ አገባብ ስሄድ ጥቁሩ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄድና ጠርዝ ላይ ብቻ ይቀራል። አንዳንዱ ላይ የሌላው ዙር ፊልም ቀዳዳዎች እንደ ጥላ ታትመውበታል።

ፊልም በካሜራ ውስጥ የሚጠቀለለው ክር በማጠንጠኛ ላይ እንደሚጠቀለል ነው። መጀመሪያ የተነሳው ከውስጥ ይሆናል፣ መጨረሻ የተነሳው ከላይ ይለብሳል። ገና ያልተነሳው በሌላ በኩል በሳጥኑ ውስጥ ተሸሽጓል፣ እሱን ምንም አይነካውም። እንግዲህ አንድ ሰው ክዳኑን ቢከፍት የሚቃጠለው ከላይ ያለው ነው፤ የውስጦቹን የላዩ ይጋርዳቸዋል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ይኸው ነው። ሰርጎ የገባ ብርሃን አይደለም። ካሜራው ተከፍቶ ተዘግቷል፤ የመስኮቱ መጋረጃ በተዘጋበት ክፍል ውስጥ መሆን አለበት፣ ለአፍታ። ከቀለበቱ በኋላ፣ ከስንብቱ በፊት። ምሳ ስንበላ።

እንግዳ ነካክቶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ግን የዚያ ካሜራ መክፈቻ ከጎን የተሸሸገች ጠንካራ ብረት ናት፤ በጥፍር ወደ ላይ ካልሳቧት አትንቀሳቀስም፣ ያላሳዩት ሰው አያገኛትም። ያሳየሁት ለሁለት ሰው ነው። ደስታ ምሳ ሲበላ ጎኔ ተቀምጦ ነበር። ሆሳዕናን ግን መጀመሪያ ባስተማርኳት ቀን «ፊልም ውስጡ እያለ ይህችን ከሳብሽ፣ ያነሳሽው ሁሉ የለም በይ» ብያታለሁ። መብራቱን አጠፋሁና እዚያው ቁጭ አልኩ። አዘንኩ። ለማን እንዳዘንኩ ግን ለራሴም አልለይልህ አለኝ።

ለደስታ ምንም አልነገርኩትም። ቡታጅራ ልሄድ ነው ስለው እስከ ሚኒባሱ ሸኘኝ። «ጋሽ ሀብቴ፣ ክሩ ነው ይበሏቸው» አለኝ እንደገና፣ በመስኮቱ በኩል። መኪናው ተነሳ። አረቅጥ ላይ ሰው ሲወርድና ሲጫን ብርዱ እስከ አጥንቴ ገባ፣ ከዚያ ወደ ቡታጅራ ቁልቁል ስንወርድ ካሜራውን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ እውነት የምናገረው ለማን ብዬ እንደሆነ ሳስብ ነበር።

አብዱልሃፊዝ መናኸሪያ ጠበቀኝ። «አሰላሙ አለይኩም! ካሜራህ እንደ አያቴ ሆነ አሉ። አያቴም ፎቶ ሐራም ነው እያሉ ፊታቸውን ይሸፍኑ ነበር» አለኝ። አልሳቅኩም። ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ሀብቴ። ያገኘኸውን አልጠይቅህም። አንድ ቃል ብቻ ነው። ካሜራው ነው በል። ሴትዮዋ ይረጋጋሉ፣ ልጆቹ ይጋባሉ፣ እኛም እንቀመጣለን። ማን ይጎዳል?»

«ካሜራዬ ይጎዳል» አልኩት።

«ካሜራህ ሚስት አያገባም!» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ እስከ በሩ ድረስ እንዲያ ልል እየከጀለኝ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልን ሆሳዕና ናት። ከስታለች። እናቷ ሱቅ ናቸው አለችን። አብዱልሃፊዝን «ሂድ አንተ ጥራቸው» አልኩና ከእሷ ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ከግቢው በስተጀርባ ያለው እንሰት ነፋስ ይመታዋል። ከኪሴ ፖስታውን አውጥቼ የፊልሙን ቁራጮች ሰጠኋት። ወደ ሰማይ አንስታ አየቻቸው፤ የስንብቱን፣ የቀለበቱን፣ የጸሎቱን። እንዳስተማርኳት ጠርዙን በጣቷ ተከተለችው። እጇ ወረደ።

«በምሳ ሰዓት» አለች።

«በምሳ ሰዓት» አልኩ።

«ደስታ አይቶታል?»

«ወደ ኮምፒውተር ያስገባው እሱ ነው። ክሩ ነው ይላል።» ከዚያ ትዕግሥቴ አለቀ። «ምን አደረገሽ? ንገሪኝ፣ ክፉ ነገር አድርጎሽ ከሆነ ዛሬውኑ ጆሮውን ይዤ አመጣዋለሁ!»

«ምንም። ችግሬም ይኸው ነው ጋሽ ሀብቴ። ክፉ ቢሆን ምክንያት ይኖረኝ ነበር።» ፊልሞቹን ጭኗ ላይ ደረደረቻቸው። «ሲጠይቀኝ እሺ አላልኩትም። እንቢ ማለት ደግሞ አሳዘነኝ። «እንጸልይበት» አልኩት። እኛ ጋ ሴት ልጅ እንጸልይበት ካለች እሺ ማለት ነው፣ ማፈሯ ነው ይላሉ። እሱ ለቤተሰቡ ነገረ፣ እማዬ ጾም ያዘች፣ እናንተ መጣችሁ። እያንዳንዱ ቀን ከትናንቱ ይልቅ ለመናገር ይከብድ ነበር። የዚያን ቀን ቀሚሴን ላስተካክል ክፍሌ ስገባ ካሜራው አልጋዬ ላይ ነበር። ያ ቀን ውስጡ ተይዞ ተቀምጧል ብዬ አሰብኩ፣ ብቻ ከፈትኩት። ከፍቼም ደነገጥኩና ዘጋሁት። ምልክት ልሥራ ብዬ አይደለም። በእማዬ ሞት አይደለም።»

«እናትሽ ጌታ ተናገረ ሲሉስ?»

«ደስ አለኝ» አለች፣ ፊቴን ሳታይ። «ዝም አልኩ።»

«አንቺ ዝም አልሽ፣ ደስታስ? ሰዉ ምን እያለ እንደሚያጽናናው ታውቂያለሽ? አንቺ እዚህ ዝም ስትዪ እሱ እዚያ እግዚአብሔር የናቀው ሰው ሆኗል። ከእንግዲህ የማን እናት ልጇን ትሰጠዋለች?»

አላሰበችውም ነበር። ፊቷ ላይ አየሁት። ወጣት ናት፤ ከራሷ ጭንቀት ወዲያ የሚታያት ነገር አልነበረም። ቁጣዬ በረደ፤ የሆነውን ሳስበው ሁላችንም በየተራችን ገፍተናታል። ሽማግሌ ሆኜ የመጣሁ ዕለት እኔስ መቼ ዓይኗን አየሁ? ያየሁት የእናቷን ፊት ነው።

«ስሚኝ ልጄ» አልኳት። «ካሜራው ነው ብል እሁድ ስማችሁ ይነበባል። ዝም ብል የልጁ ስም ይጠፋል። ከሁለቱ አንዱንም አላደርግም። ካሜራዬ ጤነኛ ነው እላለሁ። ማን ከፈተው የሚለውን ግን ከእኔ አፍ አትሰሚውም፤ እሱ የአንቺ ነው።»

በሩ ተንቋቋ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሱቃቸውን ሳይዘጉ የመጡ ይመስላል፣ እጃቸው ላይ ቁልፍ ይዘዋል። አብዱልሃፊዝ ከኋላቸው ሆኖ ለእኔ ዓይኑን ያጉረጠርጣል። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ ሳይቀመጡ ጠየቁኝ።

«አገኙት ጋሽ ሀብተወልድ? ካሜራው ነው ወይስ አይደለም?»

«በብርሃንም በጨለማም አየሁት። ካሜራዬ ጤነኛ ነው» አልኩ።

አብዱልሃፊዝ «ያ አላህ» ብሎ ግንባሩን ያዘ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጌታ ሆይ፣ ተናግረሃል። ተመስገን» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ምንም ደስታ አልነበረም። ልጁን ይወዱት ነበር፤ ለሱቃቸው የሰቀለላቸው መደርደሪያ አሁንም እዚያው ነው። እኔ ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። እንደዚያን ጊዜ ዝም ማለት ከብዶኝ አያውቅም።

«እማዬ፣ ጌታ አይደለም» አለች ሆሳዕና። ተነሳች። «ካሜራውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል መጀመሪያ አልገባቸውም። ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። «አንቺ? ለምን?» አሉ። ከዚያም ከበፊቱ በለሰለሰ ድምፅ «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ!» አለች። ድምፅዋ ያን ያህል ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። «በየማለዳው ጌታን ትጠይቂ ነበር። በግድግዳው በኩል እሰማሽ ነበር እማዬ። ልጄን ለዚህ ሰው ልስጣት ወይ፣ ፈቃድህ ነው ወይ ስትዪ፣ ስታለቅሺ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ተኝቼ፣ አሁን ተነስታ እኔን ትጠይቀኛለች እያልኩ እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ በሬን አላንኳኳሽም።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ጉባኤ ፊት ቆመው ሲጸልዩ ቃል የማያጥራቸው ሴት ናቸው። ያን ጊዜ ግን በረንዳው ጠርዝ ላይ፣ ከእኛ ወንበር ዝቅ ብለው ተቀመጡ፣ ቁልፉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዘዋወሩት።

«አሁን ብጠይቅሽ ረፍዷል?» አሉ በመጨረሻ።

«አልረፈደም።»

«ደስታን ትፈልጊዋለሽ?»

«አልፈልገውም እማዬ።»

«እሺ» አሉ። ቁልፉን ጨብጠው ተነሱ። «በልጁ ላይ የጌታን ስም ያነሳሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የምሄደው። እሁድ ደግሞ በጉባኤው ፊት ቆሜ እናገራለሁ፣ የእሱም ኅብረት ሄጄ እናገራለሁ። ጌታ እሱን አልከለከለውም።»

«እኔ ልንገረው» አለች ሆሳዕና። «ከእኔ ይስማ።»

እንደዚያ ሆኖ አራታችንም በአንድ ሚኒባስ ወልቂጤ ገባን። አብዱልሃፊዝ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ነው የመጣው፤ «ሽማግሌ ነኝ፣ ምን አደርጋለሁ» እያለ መንገዱን ሙሉ ያጉረመርማል። ሱቅ ስንደርስ ደስታ አንድ ሰውዬ ጉርድ ሊያነሳ አስቀምጦ ነበር። አራታችንን በበሩ ሲያይ ሆሳዕናን አየ፣ እናቷን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ በእኔ ላይ ቆየ። «አንዴ ይቅርታ» ብሎ ወደ ሰውዬው ዞረ። አገጩን ቀና አደረገለት፣ ኮሌታውን አስተካከለለት፣ አነሳው። እንደወትሮው ሳይቸኩል አትሞ፣ ቆርጦ፣ በፖስታ አድርጎ ሸኘው። ሰውዬው ከወጣ በኋላ ነው ወደ እኛ የመጣው።

ሆሳዕና ቆማ ነገረችው። ምንም አልሸፋፈነችም፣ ራሷንም አላዳነችም። እንጸልይበት ያለችው እሺ ማለቷ እንዳልነበረ፣ ካሜራውን እንደከፈተች፣ ሰው ስሙን ሲያነሳ ዝም ማለቷን ጭምር። «ይቅር በለኝ ደስታ» አለችው። ወይዘሮ ዘርፈሽዋልም እሁድ ስለሚናገሩት ነገር ጀመሩ፤ እሱ ግን እጁን በቀስታ አንስቶ አቆማቸው።

«አውቄዋለሁ» አለ። «ፊልሙ ገና ተሰቅሎ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ሳለ አየሁት። ጋሽ ሀብቴ ተናደው ሲወጡ ገብቼ ከታች እስከ ላይ አየሁት። ከላይ የተቃጠለ፣ ወደ ውስጥ የሳሳ። ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም።» ቀለበቷን ተመለከተ፤ አሁንም ጣቷ ላይ ነበረች። «ማን መክፈት እንደሚያውቅም አውቃለሁ።»

በንዴት ይሁን በሐዘን እንጃ፣ ድምፄ ወጣ። «ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ክሩ ነው ክሩ ነው እያልክ ለምን አደከምከኝ? እያወቅህ ቡታጅራ ድረስ ስሄድ ለምን ዝም አልከኝ?»

«እርስዎ ሌላ ቀዳዳ ያገኙልኛል ብዬ ነዋ፣ ጋሽ ሀብቴ» አለኝ።

ሆሳዕና ቡታጅራ ላይ እናቷ ፊት ቆማ እንባ አልወጣትም ነበር። ያን ጊዜ ግን ጠረጴዛዬ ላይ በሁለት እጇ ተደግፋ አለቀሰች።